የኪስ ሽጉጥ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ

ባለፈው ኖቬምበር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የመጨረሻውን ተሳፋሪ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ወሰን ብዙም በማይርቅ ሠፈር አድርሼ ወደ ቤቴ ከመመለሴ በፊት አንድ ነዳጅ ማደያ ጥግ ቆምኩ። ማርሹን ፓርክ ላይ አድርጌ የዕለቱን ገቢ በስልኬ እየተመለከትኩ ሳለ የቀኙ የፊት በር ተከፈተ። የገባው ሰው አልተቀመጠም፤ አንድ ጉልበቱን ወንበሩ ላይ አሳርፎ ጎንበስ አለና፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ስልኬንና የኪስ ቦርሳዬን እንድሰጠው ነገረኝ። በመዳፉ ውስጥ ጥቁር ነገር ይዟል፤ ከጣቶቹ መካከል የምትታየው የአፈሙዙ ጫፍ ብቻ ነበረች። ሰጠሁት። ሲሄድ በሩን አልዘጋውም፤ እኔም ለመዝጋት እጄ አልታዘዝ ብሎኝ፣ መኪናዋ በሩ ክፍት መሆኑን እያስታወሰች ስታንቃጭል ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

ከአካሌ የጎደለ ነገር የለም። የሄደው ስልክ፣ መንጃ ፈቃድና ሰባ የማይሞላ ዶላር ነው። ሪፖርቱን የጻፈው ፖሊስ በትሕትና «መሣሪያው እውነተኛ ነበር?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን መልስ አጣሁ፤ እስከ ዛሬም የለኝም። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሲያንገበግበኝ የከረመው የነገሩ ማነስ ነው። መዳፍ የማትሞላ ዕቃ፣ ምናልባትም የልጅ መጫወቻ፣ ሁለት ልጆች ያሳደገን ጎልማሳ አድርቃ አስቀመጠችው። እኔም ከዚህ ተነሥቼ በጊዜው የማይነቀነቅ የመሰለኝ ድምዳሜ ላይ ደረስኩ፤ ያቺን የምታህል ነገር ለእርሱ ከበቃች ለእኔም ትበቃኛለች። የዚህ ድምዳሜ ስንጥቁ የት ላይ እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል።

ሩብ ኪሎ ቡና የምታህል

መጀመሪያ ያማከርኩት በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ መጠባበቂያ ከብዙ ዓመት በፊት የተዋወቅሁትን፣ ጋሼ የምለውን አንድ አንጋፋ ሾፌር ነው። ነገሩን ሰምቶ ሳቀብኝ። «ልጄ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኮ ይህ ነው» አለኝ፤ ቀጥሎ ግን ሳቁን ተወና፣ «እገዛለሁ ካልክ ትንሿን ግዛ። ትልቁን ትገዛና ሲከብድህ ቤት ትተወዋለህ፤ ትንሿ ግን ከኪስህ አትለይም። ክፉ ነገር የሚመጣው ደግሞ ትልቁን በተውክበት ቀን ነው» ሲል መከረኝ። ለትንሽ ሽጉጥ ከሚቀርቡት ክርክሮች ሁሉ ጠንካራው ይህ ይመስለኛል፤ እስካሁንም ሐሰት ነው ብዬ አላምንም።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ስለሆነ የሄድኩትም እዚያው ወዳለ መደብር ነው። ሻጩ ሸምገል ያለ፣ የማይቸኩል ሰው ነበር፤ ጨርቅ ዘርግቶ ሦስት ሽጉጦች ደረደረልኝ። አንደኛዋ በ2008 ገበያ ላይ የዋለችው ሩገር ኤል ሲ ፒ ናት፤ ባለ .380 (ቁጥሩ የጥይቱ ዓይነት መጠሪያ ነው)፣ ካዝናዋ ስድስት ጥይት የሚይዝ፣ ባዶዋን 266 ግራም ገደማ የምትመዝን። በእጄ ሳመዛዝናት ትዝ ያለኝ ከሀበሻ ሱቅ የምገዛው ሩብ ኪሎ ቡና ነው። ሁለተኛዋ ባለ .22 ቤሬታ ቦብካት ስትሆን፣ አፈሙዟ ከኋላ በኩል ተነሥቶ ጥይት በእጅ ስለሚቀመጥበት ማቀባበል የሚያቅተው፣ እጁ የደከመ ሰው የሚመርጣት ናት። ሦስተኛዋን፣ ባለ 9 ሚሊሜትር ሲግ ፒ 365ን፣ ያመጣት ለማነጻጸሪያ ነው፤ ጥቂት ብቻ ወፈር ትላለች፣ አሥር ጥይት ትይዛለች፣ የምትተኩሰው ጥይት ጉልበት ግን ከ.380ው ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይጠጋል።

ስለ .22 ሻጩ የነገረኝ ነገር ከዚያ በፊት አስቤው የማላውቅ ነበር። በዚህ ጥይት እሳቱን የሚጭረው ቅመም ያለው በቀለሁ ቂጥ መሐል ሳይሆን በዙሪያው ጠርዝ ውስጥ ነው፤ አንዱ ጥግ ላይ ቅመሙ ከሳሳና መምቻው እዚያው ላይ ካረፈ ጥይቱ ሳይተኮስ ይቀራል። ጆን ብራውኒንግ የተባለው አሜሪካዊ ለቤልጅጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ በ1905 ገበያ ለወጣችው የኪስ ሽጉጥ ባለ .25ውን ጥይት ሲያዘጋጅ፣ በጉልበት ከ.22 እምብዛም ሳይበልጥ መምቻው መሐሉን እንዲያገኘው ያደረገው ስለዚህ ነው ይባላል። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በፊትም ሰው ስለ ኪስ ሽጉጥ የሚጨነቀው ይህንኑ ነበር፤ ይተኮሳል ወይ? ከተተኮሰስ ይበቃል ወይ?

.380ው የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1908 ነው፤ እርሱም የዚያው የብራውኒንግ ሥራ ነው። ጣሊያኖች ይህንኑ ጥይት 9 ኮርቶ ይሉታል። ሻጩ ይህን ሲለኝ መደርደሪያው ላይ ተደግፌ ቀረሁ፤ ኮርቶ የሚለውን ቃል ከልጅነቴ አውቀዋለሁና። አያቴ በጠላት ጊዜ ከአንድ ጣሊያን መኮንን እጅ የወጣ ቤሬታ ነበረው። በሠርግ፣ በተዝካር፣ ገበያ በሚወርድበት ቀን ሁሉ ከኮቱ በላይ ታጥቆት ይወጣል። ሰው ላይ ሲተኩሰው ያየ አንድም የአገር ሰው አላጋጠመኝም። አባቴ በኋላ እንደነገረኝ ጥይቱ ካለቀ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ይህን የሚያውቁት ግን እርሱና አያቴ ብቻ ነበሩ።

ያን ዕለት ሳልገዛ ወጣሁ፤ ገዢ የሚሞላውን 4473 የተባለውን የፌዴራል ቅጽ ግን አንብቤዋለሁ። ለእኛ ሰው የሚሆን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይችልም። ቅጹ በሕግ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ በአሜሪካ ሕግ በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፆች መካከል የሚመደብ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሰብሰብ ብሎ የሚቅም ወገኔ ይህን ጥያቄ እንደ ዋዛ «አይ» ብሎ እንዳያልፈው፤ በዚያ ቅጽ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው።

ኢላማው ፊት

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብዬ በማግሥቱ ሳምንት ወደ አንድ የቤት ውስጥ መተኮሻ ሄድኩና ሩገሯን ተከራየሁ። ስለ ትንሽ ሽጉጥ የነበረኝ ትልቁ ስሕተት በመጀመሪያው ጥይት ነው የወደቀው። ትንሽ ስለሆነች የምትለሰልስ መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሽጉጥ በቀለለ ቁጥር የሚመልሰው ጉልበት ሁሉ የሚያርፈው በእጅ ላይ ነው፤ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለው ሥጋ ከሃያ ጥይት በኋላ ቀላ። መያዣዋ አጭር በመሆኑ ትንሿ ጣቴ የምታርፍበት አጥታ አየር ላይ ተንጠለጠለች። ምላጩ ረጅም መንገድ ሄዶ ነው የሚተኩሰው፤ በዚያ መንገድ ላይ እጄ ሁለት ጊዜ ሐሳቡን ይለውጣል። ማነጣጠሪያው ደግሞ እንዳለ የሚቆጠር አይደለም፤ ከአምስት ሜትር ላይ የተኮስኳቸው ግማሾቹ ከሰው ሥዕሉ ትከሻ ውጭ አርፈው አገኘኋቸው።

ሁለት ጊዜ ደግሞ ክንዴን ስላላጸናሁ ቀለሁ ሳይወጣ ተቀርቅሮ ቀረ። በአጠገቤ የነበረው አሠልጣኝ መሣሪያውን ከእጄ ተቀብሎ፣ ቀለሁን አስወጥቶ፣ ስድስቱንም ኢላማው ደረት ላይ አንድ ሲኒ በማይሞላ ቦታ ሰብስቦ አሳየኝ። ሽጉጧ ክፉ አይደለችም፤ ለተካነ ሰው የተሠራች ናት። የሚያሳዝነው፣ የሚገዟት በብዛት እንደ እኔ ያሉ ጀማሪዎች መሆናቸው ነው።

ያም ሆኖ አልተውኩትም። መለማመድ ነው እንጂ ምን አለ አልኩ። በወር አንድ መቶ ጥይት፣ ለስድስት ወር፣ ብዬ ወጪውን ሁሉ አስልቼ ነበር።

የቴፕ ሜትሩ

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባለቤቴና ልጆቼ ወደ ቤት ሲገቡ እኔ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። ከመሣሪያ ሳጥኔ አንድ የቴፕ ሜትር አውጥቼ መዝኜው ነበር፤ ጥይት የጎረሰችውን ሩገር ያህል ይመዝናል፣ መጠኑም ከእርሷ ብዙ አይርቅም። በቀኝ የፊት ኪሴ ከተትኩት፤ ቀበቶዬን አሰርኩ፤ የስልኬን ሰዓት ቆጣሪ አስነሣሁ።

ተቀምጦ ያለ ሰው ኪስ ምን እንደሚመስል ቆሞ ያለ ሰው አያውቅም። ጭኑ ሲታጠፍ የኪሱ አፍ አብሮ ይታጠፋል፤ የመኪናው ቀበቶ ደግሞ በዚያው እጥፋት ላይ ያልፋል። ሜትሩን ለማውጣት ዳሌዬን ከወንበሩ ማንሣት ነበረብኝ፤ ዳሌዬን ሳነሣ ጉልበቴ መሪውን ነካ። የመጀመሪያው ሙከራ አሥራ አንድ ሰከንድ ወሰደ። እየደጋገምኩ ስድስት ሰከንድ ላይ አደረስኩት፤ ከዚያ በታች ግን አልወርድ አለኝ። ጎረቤታችን ውሻዋን ይዛ ስታልፍ ሜትር ጨብጬ ባዶ ወንበር ላይ ስደግን አየችኝ፤ ሰላምታ ሰጠችኝ፣ ሰጠኋት።

በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሙከራ ላይ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። ያ ሰው የኪስ ቦርሳዬን ሲጠይቀኝ ቦርሳው የነበረው በዚያው ኪስ ውስጥ ነው፤ እጄን ወደዚያ እንድሰድ ያዘዘኝ እርሱ ራሱ ነበር። ስድስት ሰከንድም ቢሆን ፈቅዶልኛል ማለት ነው። በደስታ እንደገና ጀመርኩ። ሰውዬው በቀኜ ነው፤ ጉልበቱ ወንበሩ ላይ ነው፤ እጄ ገባች፣ ሜትሩን ያዘች፣ አወጣች፣ ከፍ አደረገች።

ቆመች።

ያኔ ነው ያስተዋልኩት። በሰባቱም ሙከራ እጄ የምትቆመው እዚያው ቦታ ላይ ነበር። ሜትሩ ሲታይ በሐሳቤ ውስጥ ነገሩ ያልቃል፤ ሰውዬው ዓይኑን ያፈጣል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ይሮጣል። አንድም ጊዜ ጣቴን አላጠፍኩም። ወር ሙሉ ስለ ጥይት ጉልበት ሳነብና ሳስነብብ የከረምኩ ሰው፣ በልቤ የምገዛው ግን የሚተኮስ ነገር አልነበረም፤ የሚታይ ነገር ነበር። የአያቴን ኮርቶ ነበር ስፈልግ የኖርኩት።

ሌባው ይዞት የነበረው ነገርም የሠራው በመታየት ነው። ለእርሱ .22 ይሁን .380 ይሁን ፕላስቲክ ይሁን ልዩነት አልነበረውም፤ ቀድሞ ያወጣው እርሱ ነውና ሥራው እኔ ዘንድ ፍርሃት ሲገባ አልቋል። የእኔ ሥራ ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አፈሙዝ ጎኔ ላይ ተደቅኖ ሳለ ሌላ አፈሙዝ ባሳየው፣ ምናልባት ይሸሻል፤ ምናልባትም ደንግጦ ይተኩሳል፤ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ደግሞ ማንም አይስትም። ስለዚህ እኔ የሚያስፈልገኝ በዚያችው ቅጽበት ሰውን የሚያቆም ነገር ነው፤ የመሣሪያው ትንሽነት የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ ለጥይት ያወጣው መለኪያ ሥጋ በሚመስል ጄል ውስጥ ከ30 እስከ 45 ሴንቲሜትር ገደማ መግባትን ይጠይቃል፤ ከሰባት ሴንቲሜትር አፈሙዝ የሚወጣ .380 ጥይት ግን፣ ሥጋ ሲነካ ጫፉ ተከፍቶ የሚሰፋ ዓይነት ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም፣ እንዲደርስ ሲደረግ ደግሞ አይሰፋም። አይገድልም ማለት አይደለም። .22 እንኳ በእጅጉ ይገድላል፤ ግን ከደቂቃዎች በኋላ ሆስፒታል ውስጥ የሚሞት ሰው በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ እኔን ለመግደል በቂ ጊዜ አለው። ለማስፈራት የምትበቃ ሽጉጥ ለማስቆም ትበቃለች ብዬ የደመደምኩት፣ ሁለቱ አንድ ሥራ ስለመሰሉኝ ነበር።

ሕጉም ቢሆን የሚታየውን ኮርቶ አይፈቅድልኝም። በቨርጂኒያ ራስን ለመከላከል በሚያበቃ አደጋ ላይ ሳይሆኑ መሣሪያ አውጥቶ ሰውን ማስፈራራት በእስራት የሚያስቀጣ ጥፋት ነው። ከኪስ የሚወጣ ሽጉጥ መውጣት ያለበት ሊተኮስ በሚገባበት ሰዓት ነው፤ አያቴ በዚህ አገር ቢኖር ኖሮ ምን ይል እንደነበር አላውቅም።

ሦስት ወሰን፣ አንድ ሌሊት

ስለ ፈቃዱ አጭር ላድርገው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ ትምህርት ወስዶ ለአካባቢው ፍርድ ቤት ማመልከት ይበቃል፤ ክፍያውም ከ50 ዶላር አይበልጥም። ነገር ግን ያ ወረቀት የፖቶማክን ወንዝ አይሻገርም። ዲሲ የራሷን ፈቃድ፣ ከ16 ሰዓት ትምህርትና ከ2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ጋር ትጠይቃለች፤ ያለ ፈቃድ ይዞ የተገኘ ሰው እስከ አምስት ዓመት ሊታሰር ይችላል። ሜሪላንድም የቨርጂኒያን ፈቃድ አትቀበልም። እኔ በአንድ ሌሊት ኪ ብሪጅን፣ የ14ኛ ጎዳናን ድልድይና ውድሮው ዊልሰንን አንዳንዴ ሁለት ሁለት ጊዜ እሻገራለሁ። በየድልድዩ አፍ ቆሜ ጥይቱን አራግፌ፣ ቆልፌ፣ ሻንጣ ቤት ልክተት? የምሠራባቸው አፖች ደግሞ ሾፌር መሣሪያ እንዳይዝ ጨርሰው ይከለክላሉ።

የተዘረፍኩት ሜሪላንድ ውስጥ እንደነበር አንባቢዬ ያስታውሳል። ያን ሌሊት ሽጉጧ ኪሴ ውስጥ ብትሆን ኖሮ፣ ፖሊሱ በትሕትና ሪፖርት የጻፈልኝ እኔ ራሴ ወንጀለኛ ሆኜ እታሰር ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ኪሴ የማን ነው

ለባለቤቴ ነገሩን ያነሣሁት ዘግይቼ ነው፤ ፈርቻት እንደነበር ልሸሽገው አልችልም። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ነገርን ከሥሩ የምትይዝ ሴት ናት። አልጮኸችም። «ሌሊት ስትመጣ ሱሪህን የት እንደምትጥለው ታውቃለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። አውቃለሁ፤ ወንበሩ ላይ። «ጧት ማን እንደሚያነሣውስ?» ይህንንም አውቃለሁ። ልብስ የምታጥበው የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጃችን ናት፤ ደሞዟ ደግሞ ከኪሴ የምታገኘው ሳንቲም ነው። ሱሪዬን ዘቅዝቃ ታራግፈዋለች፤ ኳርተር ከወደቀ ዘፈን ይሰማል።

«ቁልፍ ያለው ሳጥን እገዛለሁ» አልኳት። «ደክሞህ በገባህበት በእያንዳንዱ ሌሊት ትከፍተዋለህ?» አለችኝ፤ ከዚያም ጥቂት ዝም ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሟም አለ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጃችን በሩን ዘግቶ የሚውልባቸው ቀናት አሉ። በ2021 በዚህ አገር በመሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሞቱት በገዛ እጃቸው ነው። ቁጥሩን ከዚያ በፊትም አንብቤው ነበር፤ ስለ ሌላ ሰው ቤት የተጻፈ ይመስለኝ ነበር።

ባለቤቴ የጠየቀችኝ ሌላው ጥያቄ እኔ በሦስት ወር ውስጥ አንድም ጊዜ ያልጠየቅሁት ነው። «ለመሆኑ በሩን ያኔ ለምን አልቆለፍከውም?»

ቆልፌው ነበር። በዚህ እምላለሁ፤ መኪናዬ መንቀሳቀስ ስትጀምር ራሷ ትቆልፋለች። መመሪያ መጽሐፉን ከጓንት ማስቀመጫው አውጥቶ የገለጠው ያው በሩን የሚዘጋው ልጄ ነው። ማርሹ ፓርክ ላይ ሲደረግ አራቱም በሮች በራሳቸው ይከፈታሉ፤ ተሳፋሪ በቀላሉ እንዲወርድ ታስቦ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይሉ የለ! ስድስት ዓመት ስነዳት፣ በየጨለማው በቆምኩ ቁጥር፣ በሮቼን ለመንገደኛው ሁሉ ስከፍት ኖሬያለሁ። ልጄ ከመጽሐፉ እያነበበ፣ እኔ በሾፌሩ በር ላይ ያለውን መቆለፊያ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኜ እየያዝኩ ለወጥነው። ማርሹን ፓርክ ላይ አደረግሁት። የለመድኩት ድምፅ አልመጣም።

ለሽጉጧ ካስቀመጥኩት ሦስት መቶ ዶላር ከፊሉ ፊትና ውስጥ የሚቀርጽ ካሜራ ሆኗል። ቤት ውስጥ ስለሚቀመጥ መሣሪያ የሚያስብ ሰው ጥያቄው ከእኔ የተለየ ነው፤ ሕጉ የሚፈቅድለት፣ ሳይሰለች የሚለማመድ፣ ኪሱን ሌላ ሰው የማይበረብርበት ሰው ደግሞ ጋሼ ያለውን ሊቀበል ይችላል። ለእኔ ግን ያቺ ሩብ ኪሎ አልተመዘነችልኝም።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ደወለልኝ። መጠባበቂያው ውስጥ ተራ እየጠበቀ ነበር። «እህሳ፣ ገዛህ?» አለኝ። አልገዛሁም አልኩትና የበሩን ነገር ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ ማርሽ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ ቀጥሎም ያ የማውቀው ድምፅ፣ አራት በር በአንድ ጊዜ፣ ቋ!

«ወይ ጉድ» አለኝ፤ «የእኔም ይከፈታል።»